የአርባ ደቂቃ ስግድ

እስራኤል አገር አፉላ ከተማ ውስጥ ትንሽ ልጅ ያላት ኢትዮጵያዊት እናት ከጋን፣ ማለትም ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ የምትፈለገው በሦስት ምክንያት ነው፤ የከሰዓት ማቆያው ክፍያ ሲዘገይ፣ ልጁን ትኩሳት ሲይዘው፣ የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ ሲደርስ። ሁለቱ በሁለት ደቂቃ ስልክ ያልቃሉ። ሦስተኛው ግን ሹመት ነው። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአስተማሪዋ አበባና ልብ የተረጨበት መልእክት ይመጣል፦ «ውዴ፣ መጥተሽ ስለ ባህላችሁ ለልጆቹ ብትነግሪያቸው ምንኛ ደስ ባለን! አርባ ደቂቃ ይበቃል። ጀበናውን እንዳትረሺ።»

ይህን ልማድ የሚያማ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ከአድናቂዎቹ አንዱ ነኝ። አባቶቻችን ቀን ሙሉ የደከሙበትን ጉዳይ በአርባ ደቂቃ፣ ያውም ከፍራፍሬ ሰዓት በፊት፣ ጨርሶ መነሳት ቀላል ችሎታ አይደለም።

ጎንደር አጠገብ አምቦበር ላይ ስግድ እንዴት ይከበር እንደነበር ሽማግሌዎች ሲያወሩ ስሰማ አዝንላቸዋለሁ። የጊዜ አጠቃቀም የሚባል ነገር አልደረሰባቸውም። ከአስተስርዮ፣ ከዮም ኪፑር ማለት ነው፣ 50 ቀን ይቆጥራሉ። ከሩቅ መንደር ያለው ስንቁን ቋጥሮ አስቀድሞ በእግሩ ይነሣል። ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ነጩን ይለብሳል፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ ተራራ ይወጣል። ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ፤ አንዳንዱም ራሱን ዝቅ ለማድረግ ድንጋይ ተሸክሞ። ከላይ ሲደርሱ በግእዝ ይነበባል፣ ተራው ሰው እንዲገባው ደግሞ በሚሰማው ቋንቋ ይነገረዋል፤ በሲና የተሰጠው ሕግ፣ ከምርኮ የተመለሱት በነህምያ ዘመን ቆመው የሰሙት ቃል። ይሰገዳል፣ ይለመናል፣ ፊት ወደ ኢየሩሳሌም ይዞራል። ምህላ ነው እንግዲህ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሲወርዱ ነው ዳቦ የሚቆረሰው፣ ዘፈኑም እስክስታውም የሚመጣው። ቡና? ቡና የማንም ቀን መጠጥ ነው፤ ማክሰኞም ይጠጣል።

የእኛ ዘመን ይህን ሁሉ አሻሽሎታል። ተራራው ቀርቷል። ጊቫት ሃሞሬ 515 ሜትሩን ይዞ ከጋኑ መስኮት ውጭ ቆሞ ይታያል፣ ከወገናችንም ስንቱ ቤቱ እዚያው ዳገቱ ላይ ነው፤ ነገር ግን አደጋ እንዳይኖር ማንም አይወጣውም። ኦሪቱ ቀርቷል። ነህምያ ለዕድሜያቸው አይመጥንም ተብሏል። ጾሙ ደግሞ ከመቅረትም አልፎ ተገልብጧል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጾሙ ቀን፣ በጾሙ ሰዓት፣ የቅምሻ ዝግጅት ይደረጋል። ዮም ኪፑር ጠዋት ስለ ጾም ለማስተማር ሻክሹካ የሚጠብስ ጋን እስካሁን አልሰማሁም። ሕፃናት አይጾሙም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እናትየዋ ግን ሕፃን አይደለችም፤ እሷም ጣዕሙን አይታ ነው የምታቀርበው።

ፓርላማው ክኔሴት በፈረንጆቹ 2008 ሕግ አውጥቶ ስግድን የመንግሥት በዓል አድርጎታል። ሠራተኛም ከፈለገ ዕለቱን የምርጫ ዕረፍት ብሎ መውሰድ ይችላል። ከእነዚህ እናቶች አንዷ የሆነችው የእህቴ ልጅ ይህን መብቷን በሚገባ ተጠቅማበታለች። ዕረፍቱን ወሰደች፤ ኢየሩሳሌም ግን አልሄደችም፣ ጋን ሄደች። እኔም መሶቡንና ረከቦቱን ከመኪና የሚያወርድ ሰው ስላስፈለገ አብሬ ገባሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

በመጀመሪያ የዳቦው ነገር። ቤት የተጋገረ አይገባም፤ የካሽሩት፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ የመሆኑ፣ ማኅተም ያስፈልገዋል። ሰሊጥ የነካው አይሆንም፣ ኦቾሎኒ ባጠገቡ ያለፈም አይሆንም። አለርጂውን እረዳለሁ፣ የሰው ልጅ ነፍስ ነው። ማኅተሙ ግን ትንሽ አሳቀኝ። እንግዲህ ባዕድ የነካው ሰው ሳይታጠብ ቤቱ የማይገባበት፣ አራስ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ተለይታ የምትቆይበት፣ ስለ ንጽሕና ከማንም ትምህርት የማይፈልግ ሕዝብ ነበር። በ1985 ይኸው ሕዝብ አይሁድነታችንን እንደገና በውኃ አናረጋግጥም ብሎ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጦ ታግሏል። የእህቴ ልጅ ግን ትግል አትወድም። ከሱፐር ማኅተም ያለበት ኻላ፣ የሰንበቱን ዳቦ፣ ገዛች፣ ከነጉንጉኑ መሶብ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ጥለት ያለው ነጠላ አለበሰችው። ልጆቹም የኢትዮጵያን ዳቦ ቀመሱ። አንዲት ሕፃን ልጅ «ልክ የዓርቡን ዳቦ ይመስላል» ስትል አስተማሪዋ ባህሎች እንዴት እንደሚቀራረቡ አስረዳች።

ቡናውም እንደዚያው። ከሰል የለም፣ እጣን የለም፤ ጣሪያው ላይ ያለው ጭስ ጠቋሚ ይጮኻል። ስለዚህ ቡናው ቤት ተፈልቶ በቴርሞስ መጣ፤ ጀበናው ባዶውን እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። ሲኒዎቹ ውስጥ ለልጆቹ የተቀዳው ካካዎ ነው። እናትየዋ የተወለደችው እዚሁ ሃዔሜቅ ሆስፒታል ነው፤ ሦስቱን ሲኒ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ ለመጥራት ሌሊቱን ዩቲዩብ ስታይ አድራለች። ቶናን ሁለት ጊዜ አለችው። ማን ያርማታል? እኔ መሶብ ተሸካሚ ነኝ።

ጥያቄና መልሱ ከሁሉ ያምር ነበር። አስተማሪዋ በፍቅር ዓይን እያየቻት፣ «በልጅነትሽ መብራት አልነበረም አይደል?» አለቻት። አፉላ ተወልዳ፣ አፉላ አድጋ፣ ሞቃቱን የበጋ ሌሊት በአየር ማቀዝቀዣ ተኝታ ያሳለፈችው የእህቴ ልጅ አንድ አፍታ አመነታች። ከዚያ ሃያ አምስት ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ሲጠብቋት አየችና፣ «አልነበረም» አለች። «ውኃስ?» «ከወንዝ።» «አንበሳስ?» አንበሳውን እንኳ ልትክድ ነበር፤ የልጆቹን ፊት አይታ «በሩቁ» አለች። እኔ አልፈረድኩባትም። ሰው እንግድነት ተጠርቶ ሄዶ የጋባዡን ግብዣ አያበላሽም።

ልጇ፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ ነጭ ልብስ ለብሶ ከጓደኛው ጋር ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በዕብራይስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው።

«ዛሬ እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት።»

«ነገስ?»

«ነገ ሥራ አላት።»

ከዚህ ሕፃን የተሻለ ነገሩን ያስረዳ ምሁር አላጋጠመኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጋኑ ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ደግሞ ይቀል ነበር፤ እንጣላና ይለይልን ነበር። አስተማሪዋ መልካም ሴት ናት፤ ልጁን ትወደዋለች፣ ጀበናውንም ትወደዋለች፣ ለሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው። የሚገርመኝ ግን ይህ ክብር ለሌላው አለመዳረሱ ነው። አፉላ በ1925 ስትቆረቆር ጀምሮ የፖላንዱም የሩማንያውም፣ ኋላም የሞሮኮውም የሩሲያውም ሰው መጥቶባታል። የፖላንዷ የልጅ ልጅ በዓመት አንድ ቀን የራስ መሸፈኛ አስራ፣ የተቀቀለ ዓሣ በሳህን ይዛ «እኛ ዘንድ እንዲህ ነበር» ስትል ታይታ አትታወቅም። ስመ ጥሩው የአፉላ ሱፍ ፍሬ አለ፤ ከነባር ቤተሰቦች አንዷን እናት ጠርቶ መሬት ላይ አስቀምጦ ፍሬውን እንዴት በጥርስ እንደምትፈለፍል ለልጆች ማሳየት ይቻል ነበር። አይደረግም። የእነሱ ባህል ዝም ብሎ ሰኞ ነው፣ ማክሰኞ ነው። ባህል ያለን እኛ ብቻ ነን፤ እሱም ኅዳር ላይ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ፤ ሽሙጡ እዚያ ይጣፍጣል። ልጁ ከጋን ሲመለስ ነጩ ልብስ ይወልቃል፣ እስከ ከርሞ ሻንጣ ይገባል። እራት ሽኒጽል ነው። አያቱ፣ ታላቅ እህቴ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በአማርኛ ትጠይቀዋለች፤ እሱ በዕብራይስጥ ለቴሌቪዥኑ ይመልሳል፤ እናቱ መሐል ላይ ሆና ለሁለቱም ሳትመልስ ስልኳን ትነካካለች። አማርኛ ከቤቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ሐሜት እንዳይሆንብኝ። ለቁጣ ተቀምጧል። ልጁ «ተው»፣ «ና»፣ «ዝም በል» እና «ብላ» አንደኛ ይገባዋል። የአያቶቹን ቋንቋ ጠባቂ ወታደር የሚናገረው ቋንቋ መስሎት ቢያድግ ምን ይገርማል?

ያቺው እህቴ ስግድን አምቦበር ላይ ያየች ናት። ተራራውን ወጥታለች፣ የቄሶቹን ድምፅ ታስታውሳለች፣ ሴቶቹ የት ቆመው እልል ይሉ እንደነበር በእጇ ታሳያለች። ወደ ጋን ግን አልተጠራችም፤ ዕብራይስጧ አይመችም። ደግሞም ብትጠራ አትገኝም ነበር፤ ዕለቱን ገና ሳይነጋ ከሌሎች እናቶችና አባቶች ጋር ከአፉላ በሚነሣው አውቶቡስ ጾሟን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ አርሞን ሃናጺቭ ወጥታለች። እዚያ ቄሶች ባለቀለም ዣንጥላ ሥር ቆመው ያነባሉ፤ ከየከተማው የመጣ ሕዝብ ከከተማይቱ ፊት ለፊት ይሰግዳል። እንግዲህ ኦሪቱ፣ ጾሙ፣ ቄሶቹ፣ የምታስታውሰው አያት፣ ሁሉም በአንድ ቀን ኢየሩሳሌም ናቸው፤ ጀበናውና ካካዎው አፉላ ናቸው፤ ልጁ የሚማረው አፉላ ካለው ነው።

አንድ ዓመት ሞኝነት ይዞኝ፣ «ልጁን ለምን ከአያቱ ጋር አውቶቡሱ ላይ አናሳፍረውም?» ብዬ ነበር። ሁሉም እንደ ታመመ ሰው አዩኝ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ይደክመዋል፣ ይርበዋል። እሱ ሁሉ ይሁን፣ ዋናው ምክንያት ግን እናቱ የነገረችኝ ነው፦ «አጎቴ፣ አይችልምኮ። ጋን ውስጥ የስግድ ዝግጅት አለበት።»

መልስ አጣሁ።

አንዳንድ ነገረኛ ደግሞ ይህ ሁሉ ፍቅር የት ድረስ ይዘልቃል ብሎ ይጠይቃል። በአምስት ዓመቱ ነጭ ለብሶ ሲኒ ሲያዞር «እንዴት ያምራል!» የተባለው ልጅ አሥራ ሰባት ሲሞላው ኮፍያ አድርጎ መናፈሻ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ መታወቂያ የሚጠይቀው ፖሊስ ስለ ጀበና አይጠይቀውም። በ2015 አንድ ወታደር ወገናችን በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታይቶ፣ በ2019 ደግሞ ወጣቱ ሰሎሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ተገድሎ ወጣቶቹ አውራ ጎዳና የዘጉት በጋን ዘመናቸው ማንም ባህላቸውን ስላልቀመሰላቸው አይደለም። ብዙዎቹ ተቀምሶላቸዋል። በ2016 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተሯ ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በእኛ ላይ ዘረኝነት መኖሩን መንግሥት ራሱ በጻፈው ሪፖርት አስፍሯል። ግን ይህ የትልቅ ሰው ወሬ ነው፣ የልጆች ወሬ ውስጥ አይገባም፤ እንለፈው።

የዘንድሮው ዝግጅት እጅግ ሰምሯል። ፎቶዎቹ በወላጆች ዋትስአፕ ተሠራጭተው ሠላሳ ሁለት ልብ አግኝተዋል፤ ከእነዚያ ሠላሳ ሁለት ወላጆች መካከል ልጃቸውን ልደት ላይ ወደ እህቴ ልጅ ቤት የላኩት ስንት እንደሆኑ አልጠይቅም፣ ቂመኛ ያሰኘኛል። አስተማሪዋም ከመደሰቷ የተነሣ በሦስተኛው ቀን ሌላ መልእክት ላከች። ሱፍጋኒያ የሚባለው ጣፋጭ ጥብስ ዳቦ የሚበላበት ሃኑካ ወር እንኳ አልቀረውም፤ እናትየዋ መጥታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሃኑካ እንዴት ይከበር እንደነበር፣ በተለይ ምን ይጠበስ እንደነበር፣ ለልጆቹ ብታሳይስ? «እሺ፣ በደስታ!» ብላ መለሰች፤ ከዚያ ለእኔ ደወለች።

«አጎቴ፣ ለሃኑካ ምን ነበር የምትጠብሱት?»

«ምንም። በመንደራችን ሃኑካ የሚባል በዓል አይታወቅም ነበር፤ እዚህ መጥተን ነው የሰማነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከጀርባዋ ልጁ ዕብራይስጥ ሲዘፍን ይሰማል።

«ታዲያ የጤፍ ሱፍጋኒያ ብጠብስላቸው ማን ያውቅብኛል?»