ባለ ሌንሱ ወዳጃችን

ወዳጃችን ፎቶ አንሺ ነው፤ እንጀራው ግን ሌላ ነው። እንጀራውማ ፎቶ ቢሆን ኖሮ በአሮጌዋ ካኖን ሠርግ እያነሳ ቤት በሠራ ነበር። እሱ ግን ካኖኗን ሸጦ 45 ሜጋፒክስል ያለውን ኒኮን ዲ850 ገዛ፤ አሁን ደግሞ 61 ሜጋፒክስል ያለው ሶኒ ካልያዝኩ የስሜን ተራሮች አይወጡልኝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የእሱን ሶኒ አልጠበቁም።

እዚያው ስሜን ተራሮች ውስጥ፣ ሳንቃበር ላይ ጭላዳ አገኘን። ጭላዳ መቼም ሰው አይፈራም፤ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ገልጦ፣ ሣሩን እየነጨ አጠገብዎ ይቀመጣል። ወዳጃችን ክንድ የሚያክል ሌንሱን አወጣ፤ ወለወለ፤ ትራይፖዱን ተከለ፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሰማይ ሰማይ አየና «ብርሃኑ ገና ነው» አለ። ጭላዳው ሣሩን ጨርሶ ወደ ገደሉ ወረደ። አሁን የምንቀባበለው ፎቶ አስጎብኚው ልጅ በስልኩ ያነሳው ነው።

ለጢስ ዓባይ ደግሞ ፏፏቴን ሐር የሚያስመስል ፊልተር ገዛ፤ የሄደው ግን በበጋ፣ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ዞሮ ዓለቱ ባዶውን በቆመበት ሰሞን። ዳሎልንስ? «ጨዉ ሌንሴን ይበላብኛል» ብሎ ቀረ።

ከዚያ ሁሉ ሜጋፒክስል የተረፈውን ቴሌግራም ጨፍልቆ ለቤተሰብ አደረሰ። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ተራራውን ከላይ እስከ ታች ፈተሹና፣ «ታዲያ አንተ የታለህ?» አሉት።