እግር፦ አጥንቱ፣ መገጣጠሚያውና ሌላው ጣጣው

እግር ከዳሌ ተነስቶ እስከ ጥፍር የሚወርድ፣ ቁጥሩ ሁለት የሆነ የሰውነት ክፍል ነው። አማርኛ ለዚህ ሁሉ ርዝመት አንድ ስም ብቻ ስለሰጠው፣ «እግሬን አሞኛል» ብሎ ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሰው ያስረዳው ነገር ቢኖር ሕመሙ እጁ ላይ አለመሆኑን ብቻ ነው። ሐኪሙ «የቱ ጋ?» ይላል፤ ታማሚው መዳፉን ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንሸራትቶ «እዚህ ጋ» ይላል። ምርመራው ከዚያ ይጀመራል። አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበርም እግር አላቸው፤ ነገር ግን ጉልበት ስለሌላቸው ከዚህ ጥናት ውጭ ናቸው። የአልጋው ብቻ ወደ መጨረሻው ለአጭር ጊዜ ይመለሳል።

የአንድ እግር አጥንቶች 30 ናቸው። አንዱ የጭን፣ አንዱ የጉልበት ሎሚ፣ ሁለቱ ከጉልበት በታች ያሉት፣ የቀሩት 26ቱ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ተጠጋግተው የሚኖሩት ናቸው። ሁለቱም እግር ሲቆጠር፣ አዋቂ ሰው ካሉት 206 አጥንቶች ሩብ ያህሉ የሚውሉት ጫማ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጫማ ሻጭ «ግዴለም፣ ሲያደርጉት ይለቃል» ሲል የስንት አጥንት ዕጣ ፈንታ እየወሰነ እንደሆነ አይታወቀውም።

የጭን አጥንት በሰውነት ውስጥ ረጅሙ ነው፤ የባለቤቱን ቁመት ሩብ ግድም ይይዛል። ከጉልበት በታች ያለው ትልቁ አጥንት፣ አገዳ ወይም ቅልጥም የሚባለው፣ ከሰው ይልቅ በበሬ የታወቀ ነው። በሕዝብ ዘንድ ቅልጥም አጥንት ሳይሆን ሾርባ ነው። አጠናኑም የታወቀ ነው፦ ተመጋቢው አጥንቱን በሁለት ጣቱ ይዞ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ሁለቴ ቀስ አድርጎ ያንኳኳል፤ መቅኔው አይወርድም። ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ ሦስተኛውን በኃይል ይመታል፤ መቅኔው ሳህኑን ዘሎ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ያርፋል። ሮማውያን ለዚሁ አጥንትና ለሚነፋ ዋሽንት አንድ ስም ነበራቸው፤ ጥንት ዋሽንት ከአጥንትም ይሠራ ነበርና። በምን መልኩ መቅኔውን ያወጡ እንደነበር ግን ከስሙ አይታወቅም።

ከቅልጥም ጎን የቆመው ቀጭኑ አጥንት ከሚወርደው ክብደት የሚሸከመው ጥቂቱን ነው። ዋና ሥራው ከትልቁ ጎን መታየት ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ አምሳያው አይጠፋም። ሆኖም ክፉ ቀን ሲመጣ የሚፈለገው እሱ ነው፦ መንጋጋው በሕመም ምክንያት ለተቆረጠ ሰው ቀዶ ሐኪሞች ከዚህ አጥንት ከፍለው አዲስ መንጋጋ ያበጁለታል። ዕድሜውን ሙሉ ከወለል አጠገብ የኖረ አጥንት እንዲህ አፍ ውስጥ ገብቶ እንጀራ የሚያኝክበት ጊዜ አለ።

ዋና ዋናዎቹ መገጣጠሚያዎች ሦስት ናቸው። የዳሌው ክብ ራስ በጎድጓዳ ጽዋ ውስጥ እንደሚዞር ሆኖ የተሠራ፣ በየአቅጣጫው የሚታዘዝ፣ በጠንካራ ጅማት የታሰረ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ሳይነጫነጭ የሚያገለግል ነው። ስለዚህ ስለ እሱ የሚጻፍ ብዙ የለም።

ጉልበት ሌላ ነው። አማርኛ የሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲፈልግ ያገኘው ይህንን መገጣጠሚያ ነው። የቀን ሠራተኛው የጉልበት ሠራተኛ ነው፤ ያስገደደ በጉልበት ነው ያስገደደው፤ ሸክሙን ያወረደ «ጉልበቴ አለቀ» ይላል፣ ሸክሙ ጭንቅላቱ ላይ የነበረ እንኳ ቢሆን። ምርጫው ይገርማል። ጉልበት ሁለት ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ለጫፍ ቆመው፣ በመካከላቸው እንደ ግማሽ ጨረቃ ያሉ ሁለት ለስላሳ ምንጣፎች ተነጥፈው፣ በአራት ዋና ጅማት ተወጥሮ የቆመ፣ ሲጣመም የሚቀደድ፣ ሲያረጅ የሚንቋቋ ነገር ነው። ከፊቱ ደግሞ ሎሚ ተቀምጦበታል። ጉልበተኛ የተባለ ሁሉ የሚመካው፣ ነገሩ ሲፈተሽ፣ በሎሚ ነው።

ሕፃን ይህን ሎሚ ገና በለጋነቱ ይዞ ይወለዳል፤ ወደ አጥንትነት መለወጥ የሚጀምረው ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሲሚንቶ ላይ ሲድህ ውሎ ማታ «ጉልበቴን» ሳይል መተኛቱ በቤቱ አዋቂዎች ዘንድ ግልጽ ቅናት ይፈጥራል።

እ.ኤ.አ. በ1875 ኤርብና ቬስትፋል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ ከሎሚው በታች ያለው ጅማት መታ ሲደረግ እግር በራሱ ጊዜ እንደሚወነጨፍ በየፊናቸው ጻፉ። መልእክቱ ከጉልበት ተነስቶ አከርካሪ ውስጥ ካለው ኅብለ ሰረሰር ደርሶ ይመለሳል፤ አንጎል ወሬውን የሚሰማው እግሩ ከተወነጨፈ በኋላ ነው። አማርኛ ሳያስብ የሚማታን ሰው ጉልበተኛ ብሎ ለመሰየም መዶሻ አላስፈለገውም።

በታሪክም ቢሆን ጉልበት ቀዳሚ ነው። አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ድንቅነሽ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ከእሷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው አካባቢ የተገኘው የጉልበት መገጣጠሚያ ነበር። የጭኑ አጥንት ወደ ጉልበቱ ዘንበል ብሎ የሚገባበት ማዕዘን ባለቤቱ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ ይሄድ እንደነበር አሳወቀ። ዋናውን ነገር ጉልበቱ አስቀድሞ ተናግሮ ሳለ፣ ስም የወጣላትና በየሙዚየሙ የምትጎበኘው ድንቅነሽ ሆነች። ጉልበቱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በቁጥር ነው።

ጉልበት በአገልግሎቱ በሦስት ይከፈላል፦ የሚተነብይ፣ የሚታጨቅና የሚሳም።

የሚተነብየው ጉልበት የአዛውንት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ባለቤቱ ሎሚውን እያሻሸ «ዛሬ ሊዘንብ ነው» ይላል። ትንበያው እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ሐምሌ ላይ ተሳስቶ አያውቅም። የሚታጨቀው ጉልበት በሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ይገኛል። ከፊቱ ብረት፣ ከጎኑ የሌላ ሰው ጉልበት አለ፤ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል የሚጠጋው ግን ሰውየው እንጂ ጉልበቱ አይደለም፤ የሚጠጋበት የለውም።

የሚሳመው ጉልበት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይሻል። ባለቤቱ ወላጅ ወይም አዛውንት ሲሆን የሚጠበቅበት መቀመጥ ብቻ ነው፤ ድካሙ ሁሉ የሳሚው ጉልበት ነው። የሥርዓቱ ዋና ባሕርይ ግን መሳሙ አለመፈጸሙ ነው። ታናሹ ወደ ጉልበት ዝቅ ይላል። ታላቁ «ተው! ተው! አይገባም!» እያሉ ትከሻውን ይይዛሉ። ታናሹ ትንሽ ይታገላል፤ ታላቁ ትንሽ ያጠብቃሉ፤ ከንፈር ከጉልበት አንድ ስንዝር ሲቀረው ስምምነት ይደረስና ሳሚው ቀና ብሎ ጉንጭ ይስማል። አንዱ ሊስም ነበር፤ አንደኛው አልፈቀዱም፤ ሁለቱም ረክተዋል።

ይህች ስንዝር ቀላል አይደለችም። ታላቁ ሰው እንግዳው ገና ከደጃፍ ሳለ እጃቸውን ከዘረጉ ለመሳም ሲጠብቁ እንደነበር ተጋለጡ። ከዘገዩ ደግሞ ከንፈር እውነተኛ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ ሳሚው የሱፍ ሱሪ ቀምሶ ይነሳል፣ ተሳሚው ለምን ዝም እንዳሉ ቤተ ዘመዱ ሳምንት ያወራል። ልምድ ያላቸው አዛውንት የሚያዩት የሳሚውን ፊት ሳይሆን ወገቡን ነው፤ ወገብ ሲሰበር ትከሻ ይያዛል።

እጥፋቱ ራሱ ደረጃ አለው። ሙሉ እጥፋት የልጆች ነው፤ ልጅ አይታገልም፣ አይከለከልም፣ ስሞ «እደግ ተመንደግ» ተብሎ ብሩን ይዞ ይሄዳል። ግማሽ እጥፋት የጎልማሳ ነው። ሐሳባዊ እጥፋት ወገቡን የሚያመው ሰው ወይም በቅርቡ የተሾመ የሚጠቀምበት ነው፤ አንገት ዝቅ ይላል፣ ቀኝ እጅ ወደ ጉልበት አቅጣጫ ይጠቁማል፣ ጉልበቱም ነገሩን ተረድቶ ይቀበላል። ከሁሉ የረቀቀው የስልክ እጥፋት ነው። ከዋሽንግተን «እማማ፣ ጉልበትዎን ስሜያለሁ» ይባላል፤ ደዋዩ ይህን ሲል ሶፋ ላይ ተንጋሏል። እማማ ግን በወዲያኛው ጫፍ «ተው ልጄ፣ ተው» እያሉ ባዶ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው የሌለ ትከሻ ይይዛሉ።

አስቸጋሪው የእኩዮች ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው ያልተጣራ ሁለት አዛውንት ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ዝቅ ይላሉ፤ ሁለቱም ይከለክላሉ። «ኧረ በማርያም፣ እርስዎ ይበልጡኛል!» «ምን ሲደረግ፣ እርስዎ ነዎት!» ግንባር ለግንባር ይገናኛሉ። ቀድሞ ቀና ማለት ታላቅነትን ማመን ስለሆነ ማንም አይነሳም። ክርክሩ አብዮቱ ሲፈነዳ ማን ስንተኛ ክፍል ነበር ወደሚለው ይሻገራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አራት ጉልበት ታጥፎ ይጠብቃል፤ መጨረሻ ላይ የሚነሱት ዕድሜው ስለተጣራ ሳይሆን አንድ ጎረምሳ መጥቶ በየብብታቸው ስለገባ ነው።

መሳሙ ያለ ተከላካይ የሚፈጸመው ሠርግ ላይ ነው። ወላጆች፣ አያቶች፣ አጎቶችና ከገጠር የመጡ ዘመዶች በተርታ ይቀመጣሉ፤ ሙሽራው ከጫፍ ይጀምራል። ጥንቁቅ ሙሽራ የእያንዳንዱን ሰው ሁለቱንም ጉልበት ይስማል። ሙሽሪትን ቀሚሱ ስለማያስጎነብሳት ሁለት ሚዜዎች ከኋላ ይይዙላታል። ተርታው ሊያልቅ ሲል ቪዲዮ አንሺው እጁን ያነሳል፦ «ይቅርታ፣ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ከአባትየው ጀምሮ ይደገም።» ይደገማል። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው በጭን ፊት ለፊት ያለው ባለአራት ራስ ጡንቻ ነው፤ ሰው ዝቅ ሲል ይህ ጡንቻ ክብደት እንደተሸከመ ይለጠጣል፤ እንዲህ የተለጠጠ ጡንቻ የሚያመው ያኔውኑ ሳይሆን በማግስቱና በሠልስቱ ነው። ሙሽራው በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ እግሩን መጎተቱን አስመልክቶ ሚዜዎቹ የሚሰጡት ትርጓሜ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

ሌሎቹም ጡንቻዎች በዚሁ መጠን ቢከፋፈሉ ደስ ባለ ነበር፤ ነገር ግን የሚስማቸው ስለሌለ በጅምላ ይታያሉ። ትልቁ የመቀመጫው ጡንቻ ነው፤ ሥራው ማስነሳት ሆኖ ሳለ የታወቀው በመቀመጥ ነው። ረጅሙ ጭንን በሰያፍ የሚያቋርጠው ሲሆን በላቲን የልብስ ሰፊ ጡንቻ ይባላል፤ የጥንት አውሮጳ ልብስ ሰፊ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበርና። የመርካቶ ልብስ ሰፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲንጀሩን የሚረግጥ ስለሆነ ስያሜው አይመለከተውም። እዚህ ቢሰየም ኖሮ የሚገባው ለጫት ቃሚ ነበር።

የባት ጡንቻ ደምን ወደ ልብ የሚገፋ ፓምፕ ነው። ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ የቆመ ሰው ደሙ ወደ ታች እየወረደ ራሱን ሊስት ይችላል፤ በሰልፍ ላይ የሚወድቀው ወታደር ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌሊቱን ሲቆሙ የሚያድሩት ደብተራዎች ግን አይወድቁም፤ መቋሚያ አላቸው፣ ደግሞም ያሸበሽባሉ። ከዚሁ ባት ሥር ረጅም ክር የመሰለ ጅማት ያላት አንዲት ትንሽ ጡንቻ አለች። ከመቶ ሰው ከ7 እስከ 10 የሚሆነው ጭራሹን የለችውም፤ አንድም ሰው ጠፋችብኝ ብሎ አመልክቶ አያውቅም።

ቁርጭምጭሚት የወለምታ መኖሪያ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲጠማዘዝ በውጭ በኩል ያለው ጅማት ይወጠራል ወይም ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻው ቅቤውን ያሞቃል፣ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ስለ ልጆች ብዛት ይጠይቃል፤ ታማሚው «አራት…» ሲል ሳብ ያደርገዋል። ቅቤ የማይበጀው ለአፍ ወለምታ ብቻ እንደሆነ ተረቱ ወስኗል። እግር ኳስ ሜዳ ላይም፣ የቡድኑ ሐኪም የቱንም ያህል ቢማር፣ ሻንጣውን ይዞ ሲሮጥ ወጌሻ ነው።

ስለ ውስጥ እግር ብዙ የሚባለውን አበበ ቢቂላ ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው። ከዚህ በመነሳት ጫማ ሦስት ደቂቃ ያህል ያተርፋል የሚሉ አሉ፤ እነሱም ጫማ ሻጮች ናቸው።

ጣቶች በየእግሩ አምስት ናቸው። አውራ ጣት ሁለት አጥንት አለው፣ የቀሩት ሦስት ሦስት። ትንሿ ጣት ሌሊት መብራት ሲጠፋ የአልጋውን እግር ቦታ ታሳያለች። ከእሷ ቀጥሎ ጥፍር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ወለሉ ነው።