እስቲ ራስህን አስተዋውቅልን

ደራሲ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብለት የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «እስቲ ራስህን አስተዋውቅልን»። ስሙ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ግን ማን ያነበዋል? መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ከነላስቲኩ ጉብ ብሏል። ቀጥሎ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ይመጣል፤ አራት መቶ ገጽ ማስታወቂያ ሳይገባ በሁለት ደቂቃ እንዲጨመቅ። «መነሻ ሐሳቡስ?» «ከማኅበረሰቡ» ይላል ምስኪኑ ደራሲ። ጠያቂው ራሱን ይነቀንቃል፤ በጥልቀት ተወያዩ ማለት ነው።

ደግሞ አንባቢ ጠያቂ ጠፋ ብለን አንማረር። በ1975 ዓ.ም. የወጣውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» የዘመኑ ሹማምንት የትኛው ገጸ ባሕርይ ማንን እንደሚመስል ሳይቀር ለይተው፣ በጥሞና አንብበውታል። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።