ጀማሪ የሌለው ጠብ

በእኛ ሰፈር ጠብ የሚጀምር ሰው የለም። ተሳዳቢውን ብትጠይቁት «መልስ ነው የሰጠሁት» ይላችኋል። ተሰዳቢውም ቃሉ ያው ነው። ሁሉም አጸፋ መላሽ ነው፤ የመጀመሪያዋን ድንጋይ የወረወረው እስካሁን አልተያዘም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኛ ዘንድ ሁሉም ተወጊ ስለሆነ የሚረሳ ጠፋ።

አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞችን ተመልከቱ። አንደኛዋ የልብስ እጣቢ በዚያኛዋ ደጅ ደፋች፤ ያችኛዋ ጥራጊዋን ወደዚህኛዋ በር ገፋች። በማግስቱ ስፒከር ወደ አጥሩ ዞረ። ወር ሳይሞላ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ይህ ሁሉ «ብድር መመለስ» ይባላል፤ እውነትም ብድር ነው፣ ያለ ወለድ ተመልሶ አያውቅም።

የጥንቱ ሕግ እንኳ ከእኛ ይሻላል። ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጥፋ የሚለው ፍርድ በሐሙራቢ ሕግም በኦሪትም አለ። ዛሬ የጭካኔ መፈክር ቢመስልም ለበቀል የተበጀ ልክ ነበር፤ ለአንድ ዓይን አንድ ዓይን፣ ከዚያ በላይ የለም። እኛ ግን ሁለቱንም ዓይን ከነመነጽሩ ካልወሰድን እንቅልፍ አይወስደንም።

ታላላቆቹም ያው ናቸው። መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ «አጸፋ» ያሉትን ቀረጥ አወጁ። በቻይና ላይ 34 በመቶ ጨመሩ፤ ቻይናም 34 መለሰች። ከዚያ ወለዱ ወለደ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአሜሪካው ቀረጥ 145፣ የቻይናው 125 በመቶ ደረሰ። ሁለቱም ታዲያ መላሾች ነን ባዮች ናቸው። ለኢትዮጵያም 10 በመቶ ደርሷት ነበር። ቡና ልከን አጸፋ ተቀበልን!

የአገር ሽማግሌ ይህን ጠባያችንን ስለሚያውቅ «ማን ጀመረ?» በሚለው ላይ ብዙ አይደክምም፤ ጥያቄውን ቢከፍተው እስከ ሰባት ቤት አያት ይወስደዋል። «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» ብሎ ይገላገላል። እዚህም ላይ ግን ችግር አለ። ጎረቤታሞቹ ሁለቱም ለመታረቅ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሁለቱም ግን «ጠቡን የጀመረችው እሷ ናት፣ ዕርቁንም እሷ ትጀምር» ብለው በየበራቸው ቆመዋል።