ከአቤል ቀጥሎ ማን ይባላል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እኛ ከናፍቆትሽና ከዚህ አገር ብርድ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራሷ ገንፎዋን እየበላች ነው፤ ቅቤው ያንቺው ነው፣ ባለፈው የላክሽው። ሕፃኑም ደህና ነው፣ ብቻ ሰዓቱን ገና አላስተካከለም። እዚህ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን አንቺ ጋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው አይደል? እሱም ልክ እንዳንቺ ነቅቶ ሰው ይጣራል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ አታስጨርሺኝማ! ገና «ስሙን በተመለከተ…» ስል «ምትኩ ብያለሁ፣ ምትኩ ነው!» ብለሽ ስልኩን ለጎረቤት ታቀብያለሽ። ወረቀት ግን አያቋርጡትም። ስለዚህ ሰሞኑን በሚመጣ ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ ከግፊት መለኪያሽና ከቫይታሚንሽ ጋር ሰድጄዋለሁ። የምታነብልሽ የጎረቤት ልጅ ከሆነች ደግሞ፦ አንቺ ልጅ፣ በሞቴ፣ ሳትዘይ አንብቢላት፤ የሚያስቀይማት ቦታ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

ጣጣው የጀመረው ከአቤል ነው። የዛሬ አራት ዓመት አቤል ስንለው ያሰብነው ስለ እሱ ብቻ ነበር። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ፈረንጁም «ኤብል» ብሎ ይገላገለዋል። ታናሽ እንደሚከተለው፣ ታናሹም ስም እንደሚፈልግ ማን አስቦ! የአቤል እናት ማርገዟን የሰማ ሐበሻ ሁሉ ግን የሚለን አንድ ነገር ሆነ፤ «ታዲያ ይሄኛው ቃየን ሊባል ነው?» ሃያ ጊዜ ሰማሁት፣ ሃያ ጊዜም ሳቅሁ፤ የሚቀልደው ሁሉ ቀልዱን ራሱ የፈጠረው ስለሚመስለው ላለመሳቅ አይመችም። ደግሞ እኮ ቃየን ታላቅ ነው። ቢያንስ መጽሐፉን አንብበው ቢቀልዱ።

ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ አለ፤ እሱ እንኳ አንብቧል። «ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። «ከአቤል በኋላ እግዚአብሔር ለሔዋን የሰጣት ልጅ ማን ይባላል?» እውነቱን ነው፣ ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ላይ አለ። እሱ በእንግሊዝኛው «ሴዝ» ይለዋል። በእኛ መጽሐፍ ግን፣ እማዬ፣ ስሙ ሴት ነው። አስቢው እስቲ፤ ሐኪም ቤት «ወንድ ነው ሴት?» ሲሉኝ «ወንድ ነው፣ ሴት ነው» ልል! ለሽማግሌው ሳስረዳው ሳቅ ከወንበሩ ሊጥለው ነበር፤ አሁንም ባየኝ ቁጥር «ሴት እንዴት ነው?» ይለኛል።

የፓርኪንጉ ሐበሾች ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገ አቤል ተስፋዬ የሚባል የኛ ልጅ አለ፤ ዓለም የሚያውቀው ግን «ዘ ዊኬንድ» በሚለው የመድረክ ስሙ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ እንደማለት ነው። ሰው እንዴት ቅዳሜና እሁድ ይባላል እንዳትዪ፤ እኛስ ሰንበቱ እንል የለ? እና የኛን አቤል «ዊኬንድ» ስለሚሉት፣ ታናሹን ገና በሆድ ሳለ «ሰኞ» አሉት። ልጄን ሰኞ! ሌላው ተነስቶ ደግሞ «አቤት በለው፤ አቤል ብለህ ስትጠራ እሱ ይመልስልሃል» አለ። እነዚህን ሰዎች ምክር ብዬ መጠየቄ የኔ ጥፋት ነው።

መኪና ጭር ሲል በቲኬቱ ጀርባ ስም እጽፋለሁ። አንድ ሌሊት የዚህ አገር ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣውን የሕፃናት ስም ዝርዝር ከፍቼ አየሁ፤ መዝገቡ በነሱ አቆጣጠር ከ1880 ይጀምራል። ከወንዶቹ ስም በዚያው አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ አንደኛ የወጣው ምን ይመስልሻል? ሊያም! ገና ሳይወለድ «ሊያም» ነው። ዘጋሁት።

ከዚያ የአቤል እናት ሕግ አወጣች። ቁልምጫው ከ«አቢ» ጋር ተከታትሎ ሲጠራ ምላስ እንዳያደናቅፍ፤ ፈረንጅ ሲሰማውም ሌላ ነገር እንዳይሆን። እኔ ዳግማዊን ወድጄ ነበር። ሁለተኛ ልጅ ነው፣ ምኒልክም አሉበት፤ አቢና ዳጊ! ለሙከራ ብዬ አቤልን መናፈሻ ይዤ ወጣሁና ጮክ ብዬ «ዳጊ! ዳጊ!» ብዬ ተጣራሁ። ሦስት ሰዎች ከነውሾቻቸው ዞሩ። ለካ በዚህ አገር አፍ ዳጊ ማለት ቡችላዬ ማለት ነው። ናትናኤል እንበለው ተባለ፤ ቁልምጫው ናቲ። ናቲ ደግሞ እዚህ ረባሽ፣ አስቸጋሪ የሚለውን ቃል ቁጭ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ ተከሶ ሊያልቅ ነው። ሚኪ የካርቱኗ አይጥ ናት። ቴዲ የጨርቅ ድብ ነው። ፋሲልን ፎሲል አድርገው አነበቡት፤ ከኛ አገር ድንቅነሽ አትበቃም? ለእህቴ አትንገሪያት እንጂ፣ የእሷ ልጅ ኪያም እዚህ የመኪና ስም ናት፤ በአንድ ሌሊት ስንት ኪያ እንደማቆም እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን ሁሉ ጭንቀት በአንድ ቡጢ የገላገለ ሰው ቢኖር ቦክሰኛው ጆርጅ ፎርማን ነው። ኪንሻሳ ላይ መሐመድ ዓሊ የዘረረው፤ አባባ በሬዲዮ ሰማሁት እያለ ያወራልን የነበረው። አምስት ወንድ ልጅ ወለደና አምስቱንም ጆርጅ አላቸው። አምስቱንም! መለያቸው ቁልምጫቸው ነው፤ አንዱ መነኩሴ፣ አንዱ ትልቁ ጎማ፣ አንዱ ቀዮ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ቀዮ ሲል ደስ አለኝ፤ የኛን ሰፈር መሰለኝ።

የኛ ሰው ግን ስም አይደግምም፤ ይቀጥላል እንጂ። የዲባባን ልጆች በዕድሜያቸው ተራ ጥሪያቸው። ታላቋ እጅጋየሁ፣ አቴንስ ላይ በ10,000 ሜትር ብር ያመጣችው። ቀጥሎ ጥሩነሽ፣ ቤጂንግ ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም የጠቀለለችው። ከዚያ ገንዘቤ፣ ሞናኮ ላይ የ1,500ን ክብረ ወሰን የሰበረችው። በይ አሁን ሳትተነፍሺ አንብቢው፦ እጅግ አየሁ፣ ጥሩ ነሽ፣ ገንዘቤ! ይሄ ስም ነው ምርቃት? የቀነኒሳ ታናሽም ታሪኩ ነው፤ ቀነኒሳ ብለሽ ታሪኩን ታስከትያለሽ። ይሄን ካየሁ በኋላ ከአቤል ጋር የሚገጥም ስም መፈለግ ትቼ፣ ከአቤል የሚቀጥል መፈለግ ጀመርኩ።

ልጁ ታኅሣሥ 12፣ በሚካኤል ዕለት ተወለደ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የፓርኪንጉ ልጆች «ሰኞ ያልነው ዊኬንድ መጣ» አሉ። አገር ቤት ቢሆን እስከ አርባ ቀኑ ማሙሽ እያልን ተረጋግተን እናስብ ነበር። እዚህ በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴት ፎርም ይዛ ከተፍ አለች። ከሆስፒታል ሳትወጡ ስም ሙሉልኝ ትላለች፤ ፈገግታዋ አይለያትም፣ እስክሪብቶዋም ተከፍቷል።

እዚህ ላይ ያልነገርኩሽ አንድ ጉድ አለ። አቤል ሲወለድ የመጣችው ጸሐፊ «የቤተሰቡ የመጨረሻ ስም?» ብላኝ፣ እኔም የፓስፖርቴን የመጨረሻ ስም፣ ማለት የአባባን ስም አጻፍኩ። ስለዚህ አቤል በወረቀት የአባባ ልጅ ነው። የኔ ታናሽ ወንድም። አሁን ይሄኛውን በሥርዓታችን በራሴ ስም ባስጠራው፣ አቤል ለገዛ ወንድሙ አጎት ሊሆንበት ነው። አንድ አልጋ ላይ የሚተኙ ልጆችን አጎትና የወንድም ልጅ ላደርጋቸው? ይሁን ብዬ ሕፃኑንም በአባባ ስም አስመዘገብኩ። እንግዲህ አባባ ካረፈ በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ወንድ ልጅ ወልዷል። ለእድሩ እንዳትነግሪ።

አሁን ወደ ምትኩ። (አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን!) የአባባ ምትክ ይሁንልኝ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልከፋኝም። ግን ከአቤል ቀጥሎ ሲጠራ ስሚው፤ አቤል፣ ምትኩ። ማን የሞተ ይመስልሻል? አራሷ ይሄን ስትሰማ አቤልን ከመጫወቻው አንስታ አቀፈችው፤ ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ምትኩ ይላታል? ካሳም ብንለው ያው ነው፣ ማስረሻም ያው። የኛን ስም ፍቺ መርምረሽ ከሥሩ ለቅሶ ያላገኘሽበት ጥቂት ነው። ደግሞስ የአባባ ስም ራሱ በሁለቱም ወረቀት ላይ ተጽፎ ሳለ ምትኩን ምን ያደርግልሻል?

ስሙን ጥላሁን አልነው። ከታላቁ ጀምረሽ አንብቢው፦ አቤል ጥላ ሁን። የመጽሐፉ አቤል ጥላ የሚሆነው ወንድም አጣ፤ የኛው ራሱ ለታናሹ ይሁንለት። ሌላው ምክንያት አንቺ ነሽ። ጥላሁን ገሠሠ በሬዲዮ ሲመጣ አባባ «ከፍ አድርጉት!» ይላል፤ አንቺ ሽንኩርት እየላጥሽ እንባሽን በሽንኩርቱ ታሳብቢያለሽ። አንድ ቀን የምትልጪው ድንች ነበር፤ አይቻለሁ።

የአቤል እናት መጀመሪያ «ጨቅላውን ጥላሁን? ጡረታ የወጣ ሰው ስም!» ብላ ነበር። ያድግበታል ብዬ አሳመንኳት። ነርሷ ግን ሳታነበው በቀረች! ጠ የምትባለው ፊደል እዚህ አገር ቪዛ አላገኘችም። አንዷ «ተላሁን» አለች፣ ተረኛዋ መጥታ «ቴላ» አለችው። ጥላ ይሁን ብለን የመረቅነው ልጅ ጠላ ሆኖ ከሆስፒታል ወጣ።

ቁልምጫውን ያወጣው አቤል ነው። እናቱ ስልኳ ላይ የእርግዝና አፕሊኬሽን ነበራት፤ ፅንሱ በየሳምንቱ ምን እንደሚያክል በፍራፍሬ የሚያሳይ። አንድ ቀን አቤልን አስቀምጣ «ወንድምህ አሁን ሎሚ ያክላል» አለችው። በኋላ ብርቱካን ሆነ፣ ማንጎ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ሐብሐብ ደረሰ። አቤል ግን ሎሚ ላይ ቀረ። ሆዷ ላይ አፉን ለጥፎ «ሎሚ፣ ትወጣለህ?» ይላል። ሆስፒታል ሊያየው የመጣ ቀን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር አብጧል፤ ስናወጣው ከማቀዝቀዣ የወሰደው ሎሚ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ወጣና ሎሚውን ከሕፃኑ ጭንቅላት አጠገብ አስጠግቶ ለካ። ቆይቶ ቆይቶ «አድጓል» አለ።

አቢና ሎሚ። የእናቱን ሕግ አለፈ፤ በእንግሊዝኛውም ነውር የለበትም። አብሮን የሚሠራ የቶጎ ሰው ብቻ ዋና ከተማቸው ሎሜ ስለሆነች ለአገሩ ክብር የወጣ ስም መስሎት አቅፎ ሳመኝ፤ አላረምኩትም። አንቺም ሎሚ ሲባል መሳቅሽ አይቀርም። ጃን ሜዳ ለጥምቀት አባባ የወረወረብሽ ሎሚ ደረትሽን ስቶ ግንባርሽን እንዳበጠው ስንት ጊዜ ነግረሽናል!

ክርስትናው ጥር 21 ነው፣ አስተርእዮ ማርያም። ረቡዕ ስለሚውል ፈቃድ ጠይቄያለሁ። የክርስትና ስሙን ቄሱ ያወጡለታል፤ በሚካኤል ስለተወለደ ወልደ ሚካኤል ቢሉት እኛም ደስ ይለናል። ሽሮ ሜዳ የምታሠሪለት ልብስ ላይ ምትኩ ተብሎ ተጠልፎ ከሆነ ይፈታ፤ የጠላፊዋን ሒሳብ እኔ እልካለሁ። አራት ፊደል ነው፦ ጥ፣ ላ፣ ሁ፣ ን። አደራሽን በጠ ይሁን፤ ተውን እዚህ በነፃ እናገኛለን።

ልጅሽ፣
የአቢና የሎሚ አባት
(በወረቀት ታላቅ ወንድማቸው)