ስብ እንጂ ስብከት አይበላም

«አዳኝ ውሻ ካልተራበ አያድንም!» አልክ አሉ። ያውም ጥብሱን እያላመጥክ። ያውም አጥንቱን እየጋጥክ። ውሻው ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ሲሰማህ ምን ያለ ይመስልሃል? «ይሄ ሰውዬ ካልተራበ አያስብም» ነው ያለው።

እስቲ ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙልኝ። ይህ ሰው ረሃብ ያበረታል ባይ ነው። ረሃብ ቢያበረታማ ኖሮ የሰፈራችን ውሾች ነብር እየጎተቱ በገቡ ነበር። እነሱ እቴ! ቀኑን ሙሉ ልኳንዳ ቤት ደጃፍ ተጋድመው ይውላሉ። አፍንጫቸው ላይ ያረፈችውን ዝንብ እንኳ አያድኑም።

ጀግናው፣ በረሃብ የሚያድን ውሻ ለአንተ አያድንም፤ ለራሱ ነው። ፖይንተር የሚባለውን ዘር አይተህ ታውቃለህ? የቆቅ ሽታ አፍንጫው ሲደርስ ባለበት ቀጥ ይላል። አንድ የፊት እግሩ ተንጠልጥሏል። ጅራቱ ተወጥሯል። አፍንጫው ቁጥቋጦው ላይ ተተክሏል። ባለቤቱ እስኪደርስ ንቅንቅ የለም። ይህን ያመጣው ዘሩና ሥልጠናው ነው፤ ባዶ ሆዱ አይደለም። ሦስት ቀን ያስጾምከው ውሻማ ቆቋን አያሳይህም። ላባዋን ነው የሚያሳይህ።

«እሺ ይብላ፤ ፍርፋሪ ምን አነሰው?» አልክ። ፍርፋሪ! አንተ በመንገዱ ቀስ እያልክ ስትራመድ፣ እሱ ግራ ቀኝ እየሰነጠቀ የአንተን እጥፍ ድርብ ሮጦ ነው የገባው። ሰው ሲሮጥ እንጀራና ፓስታው ይረዳዋል። ውሻ ግን ረጅም ሰዓት ሲሮጥ ዋናው ጉልበቱ ከስብ ነው የሚመጣው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስታርች 4 ብቻ። ብርቱ ሥራ ለሚሠሩ ውሾች የሚዘጋጀው ደረቅ ምግብ ብዙውን ጊዜ 30 በመቶ ፕሮቲን፣ 20 በመቶ ስብ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ስለ ጽናት አትስበከው። ስቡን ለእሱ ስጠው፤ ስብከቱን ለራስህ አስቀረው።

አላመንክም? አላስካ ድረስ ልውሰድህ። ኢዲታሮድ የሚባል ውድድር አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ የሚካሄድ። ውሾች ከአንኮሬጅ እስከ ኖም ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ ሸርተቴ ይጎትታሉ። የአንዱ ክብደት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ገደማ ነው። በቀን የሚበላው ግን ወደ 10,000 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። የአራት ጎልማሳ ቀለብ! እነሱ ያን በልተው ሸርተቴ ይጎትታሉ። አንተ የአንዱን በልተህ ከሶፋ እስከ ፍሪጅ ራስህን መጎተት አቅቶሃል።

«ገባኝ! ዓመቱን ሙሉ ጮማ አጎርሰዋለሁ!» አልክ ደግሞ። አልገባህም። የሚሠራ ይበላል አልኩ እንጂ የሚተኛ ይቀለብ አላልኩም። አደኑ ሲያልቅ ምግቡ ይቀነሳል። ወቅቱ ሊደርስ ስድስት ስምንት ሳምንት ሲቀረው ስቡ ከፍ ይላል፤ ያውም ከልምምድ ጋር። አዲሱን ምግብ ከድሮው ጋር እየቀላቀልክ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ነው የምታሸጋግረው። በአንድ ምሽት ካሸጋገርከውማ ጮማው በገባበት ፍጥነት ይወጣል። የት እንደሚወጣ ምንጣፍህ ይነግርሃል።

መጠኑን በምን አውቃለሁ እንዳትለኝ። እጅ አለህ አይደል? መዳፍህን በጎድኑ ላይ አሳልፍ። ከዚያ የራስህን እጅ ዳስስ። ጎድኑ እንደ ጭብጥህ አንጓ ከጎረበጠህ ከስቷል። እንደ መዳፍህ ሥጋ ለስልሶ አጥንቱ ከጠፋብህ ወፍሯል። እንደ እጅህ ጀርባ አጥንቱ በስሱ ከተሰማህ ልክ ነው። የራስህን ጎድን ግን አትሞክር። ዛሬ ፍለጋ አንወጣም።

«እንግዲያው ጠዋት ጠዋት አጥግቤው እወጣለሁ!» ወይ ያንተ ነገር! ከጾም ወደ ድግስ፤ መሀል ላይ ጣቢያ የለህም? ደረተ ጥልቅ የሆኑ ዘሮች ጨጓራቸው በጋዝ ይነፋና ይጠመዘዛል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ብዙ ምግብ ባንድ ጊዜ ማጎረስ ደግሞ ለዚህ ያጋልጣል። ዋናው ምግቡ ማታ ነው፤ ከሥራ መልስ፣ ትንፋሹ ሲረጋ። ጠዋት ቢያስፈልገው ጥቂት፣ ያውም ከመውጣታችሁ ሰዓታት ቀደም ብሎ። «አላልኩም? ባዶ ሆድ!» ብለህ እንዳትዘል። ትናንት ማታ በልቶ ያደረና ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልበላ አንድ አይደሉም። ውሃ ግን ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ አጠጣው። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። አንተ ሳትሮጥ ስለምታለከልክ ልዩነቱ ላይገባህ ይችላል።

«ውሻ እኮ ተኩላ ነው! ጥሬ ሥጋ ብቻ ነው የሚያውቀው!» ተኩላ ቢሆን ኖሮ ወሬህን እስክትጨርስ አይታገስህም ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ውሻ ከተኩላ የሚለየው ስታርች በሚፈጩ ጂኖቹም እንደሆነ አሳይቷል። ከሰው ጋር ሲኖር ሆዱም ሰው ለመደ። ሩዝ ከሥጋው ጋር ቢቀላቀልለት አያለቅስም። የአንተ ጥሬ ግን ያስለቅሳል። ለበዓል በግ ታርዳለህ። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታያለህ። «ይሄስ ለውሻ!» ትልና ትወረውራለህ። ከረጢቱ የትል ዘር ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ይወጣል። አንተም ባልታጠበ እጅህ ትውጠውና ያው ከረጢት በጉበትህ ወይም በሳንባህ ላይ ያብጣል። ለውሻው የወረወርከው ሳንባ ዞሮ የገዛ ሳንባህ ላይ አረፈ! በደንብ ብትቀቅለው ምን ነበረበት?

«በቃ፣ ከራሴ ወጥ አካፍለዋለሁ።» ደግ ሰው! ደግነትህ ሊገድለው ነው። ቀይ ሽንኩርቱም ነጩም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ከዶሮ ወጥህ ላይ ሽንኩርቱ ከተነሳ ደግሞ የምትተርፈው ዶሮዋና ፀፀቷ ናት። ቸኮሌት ለልቡ፣ ዘቢብ ለኩላሊቱ ጠንቅ ነው። የበሰለ አጥንትም ሲሰበር ሹል ይሆንና አንጀት ይበሳል። አጥንት ከመስጠትህ በፊት አጥና፤ ሳታጠና አጥንት የሚሰጥ ሰው ነው ውሻ የሚያስቀብር።

«ይሄ ሁሉ ነጋዴ የፈጠረው ነው!» አልክ፤ አልቆብሃል ማለት ነው። ነጋዴማ አለበት። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ በ1860ዎቹ ለንደን ላይ የውሻ ብስኩት ይዞ ብቅ አለ። ስንዴ፣ አትክልትና ሥጋ ለውሶ፣ አጥብቀው ለሚያድኑ ባለርስቶች ይሸጥላቸው ነበር። ሰውየው አተረፈ፤ ውሻውም በላ። ከዚያ ወዲህ 150 ዓመት አልፏል። አንተ ገና ፍርፋሪ ላይ ነህ።

«ግን እኮ ውድ ነው!» ይኸውላችሁ ጎበዝ፣ ቋጠሮው ተፈታ! ነገሩ ከጥንቱም ንፍገት ነበር፤ ጥበብ አስመስሎ ነው የሸጠልን። ጠመንጃው ውድ አይደለም። መነጽሩ ውድ አይደለም። ላባ የሰካበት ባርኔጣ ውድ አይደለም። ውሻው አፉን ሲከፍት ብቻ ኑሮ ተወደደ! ስምህ አዳኝ ነው፤ ውሻህን ከአንተ የሚያድነው ግን ጠፋ።

ይሁን፣ በራስህ ሕግ እንፋረድ። ውሻው አሸተተ፤ አገኘ። ቆመ፤ አመለከተ። ቆቋ ብድግ አለች። አንተ ተኮስክ። ሰማዩን መታህ! ቆቋ ሳትቸኩል ሄደች። ውሻው ዞር ብሎ አየህ፤ አንተ ጠመንጃውን አየህ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ከሁለቱ ሥራውን ያልሠራው የቱ ነው? ረሃብ ካነቃ መንቃት ያለበት ታውቋል። ለውሻው ስቡ ይቅረብለት። አንተ ነገ ባዶ ሆድህን ውጣ፤ ካገኘህ እሱ ያመለክትሃል።