ቤት ለእንግዳ፣ ቁልፍ ለከፋይ

ሰው አልጋ ማከራየት ሲጀምር መጀመሪያ የሚለወጠው ጆሮው ነው። እኔ ድሮ ነጎድጓድ የማይቀሰቅሰኝ ሰው ነበርኩ። አሁን ሁለት ቁጥር ያለው እንግዳ በእኩለ ሌሊት ሲገላበጥ እሰማለሁ፤ ለምን እንደሚገላበጥም አውቃለሁ። ሁለቴ ከዞረ ሙቀት ነው። ሦስቴ ዞሮ መብራት ካበራ ቢንቢ ነው። ተነሥቶ ፍራሹን ገለጥ ሲያደርግ ግን ልቤ ቀጥ ይላል፤ ትኋን እየፈለገ ነው። ቤታችን ውስጥ ትኋን የለም። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ መናገር የጀመርኩትም አልጋ ካከራየሁ ወዲህ ነው።

አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። ከላይ የጮሌ ደጋ፣ ከታች የአዋሽ ቆላ፣ እኛ መሐል። የሚወርደውም የሚወጣውም ጉዳዩ ካልተቃናለት እኛ ዘንድ ይመሽበታል። ከማስተማር ጡረታ ስወጣ፣ ወንዱ ልጃችን አዳማ፣ ሴቷ አዲስ አበባ ሲቀሩ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች ባዷቸውን ቀሩ። ባለቤቴ አንድ ቀን ቁልፎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ «ጡረታህ ለዘይቱ ይበቃል፤ ለሽንኩርቱ ክፍሎቹ ይሥሩ» አለች። በዚያው ሰሞን ክፍሎቹ ስማቸውን አጡ። የወንዱ ልጅ ክፍል አንድ ቁጥር፣ ዕቃ ቤቱ ሁለት ቁጥር፣ የሴቷ ልጅ ክፍል ሦስት ቁጥር ሆኑ። ልጅቷ ለበዓል መጥታ «የኔ ክፍልስ?» ብትል፣ እናቷ ቀና ሳትል «ተይዟል» አለቻት።

ከጆሮ ቀጥሎ ዐይን ይለወጣል። ሰርግ ቤት ሰው ሙሽራ ሲያይ እኔ ኮርኒስ አያለሁ። የታመመ ወዳጄን ልጠይቅ ሆስፒታል ገብቼ ስለ ሕመሙ ከመጠየቄ በፊት አንሶላው በምን ቢታጠብ እንደዚህ እንደነጣ ጠየቅሁት። ለቅሶ ቤትማ መሬት ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ውፍረቱን በመዳፌ ስለካ ባለቤቴ በክርኗ ወጋችኝ። ከመውጣታችን በፊት ግን የት እንደገዙት ጠይቃ ያወቀችው እሷ ናት።

ከዚያ የአፍ ተራ ይመጣል። በእኛ ቤት ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል የነበረው መልስ «ቤት ለእንግዳ» ነበር። አሁን «ለአዳር ነው?» ሆኗል። ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው ለአዳር ያልሆነም ስላለ ነው። ባለቤቴ ግን ሾርት የሚባለውን ነገር ገና ከጅምሩ ከልክላለች። አንድ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጎረምሳ ከአንዲት ዐይን አፋር ልጅ ጋር መጥቶ ክፍል ሲጠይቅ፣ «ግቡ ልጆቼ፤ ግን ለአዳር ነው፤ ሳይነጋ መውጣት የለም። እራት ሽሮ ነው፤ አብረን እንበላለን» አለቻቸው። ጎረምሳው ስልክ ተደወለለት። ስልኩ ሲጠራ እኔ አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ግድግዳው ላይ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር፤ እንደማንኛውም ፔንሲዮን። ባለቤቴ ከሥሩ በእስክሪብቶ «ግን አብረን እንፈልጋለን» ብላ ጨመረችበት።

አንዳንዴ መዝገቡን ይዤ ስቀመጥ አብርሃም ትዝ ይለኛል። በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል እግራቸውን አጥቦ፣ እንጎቻ አስጋግሮ፣ ጥጃ አሳርዶ አስተናገደ እንጂ መታወቂያ አልጠየቀም። እኔ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ እያልኩ እጽፋለሁ፤ ፖሊስ ሲመጣ መዝገቡን ያያልና። አብርሃም «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብሎ ቢመዘግብ ኖሮ የሚሰማው ወሬ ሰዶም ድረስ የሚያስደነግጥ ነበር።

ለማደሪያና ለምግብ ገንዘብ መቀበል ለአገራችን ሰው ሲከብደው የኖረ ነገር ነው። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን የከፈቱ ሰሞን መኳንንቱ እንጀራ በገንዘብ መብላት ነውር መስሏቸው ሸሹ፤ በኋላ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው አለማመዷቸው እየተባለ ይወራል። እኔ ደግሞ ዘመዶቼን የሚያለማምድልኝ ምኒልክ አጣሁ። ለአክስቴ ልጅ ዋጋ ብነግረው፣ «እኔ እንኳ ልተኛ እንጂ ልከራይ አልመጣሁም» አለኝ።

ልጄ ከአዳማ ሲመጣ የሚያጫውተኝ ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤት ኪራይ የቸገራቸው ሁለት ጓደኛሞች፣ ከተማዋ ውስጥ የዲዛይን ጉባኤ ኖሮ ሆቴሉ ሁሉ ሲሞላ፣ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ቤታቸው ውስጥ ዘርግተው፣ ቁርስ ጨምረው ሦስት እንግዳ አሳደሩ። ኤርቢኤንቢ የሚባለው ኩባንያ ከዚያች ሌሊት ተወለደ። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ መንገደኛ ማሳደር ፈጠራ ከተባለ፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ስንት ኩባንያ በኖራት! ችግሩ የእናቴ አሠራር ላይ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ስንቅ የምትከፍለው እሷ ነበረች።

በኤርቢኤንቢ አሠራር እንግዳው ለአከራዩ፣ አከራዩም ለእንግዳው ኮከብ ይሰጣል አለኝ ልጄ። እኛም አለን። የእኛን ኮከብ የሚሰጡት የቅጥቅጥ ረዳቶችና የባጃጅ ልጆች ናቸው። «እዚያ ቤት ሮቶው ውኃ አለው» ካሉ ሁለት ኮከብ ነው። «አጎበሩ አልተቀደደም» ሦስት። «አዴ ራሷ ቡና ታፈላለች» ከተባለ እስከ አዳማ መናኸሪያ ይሰማል። እኛም ለእንግዶቻችን ኮከብ እንሰጣለን፤ ሲወጡ ነጠላ ጫማውን ከአልጋው ሥር የተዉልን ሁሉ ባለ አምስት ኮከብ ናቸው።

እንግዶቻችን አይነታቸው ብዙ ነው። የሽንኩርት ነጋዴው ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ሲጮህ ያድራል። አንድ ሌሊት «ወረደ! ኧረ ወረደ!» ሲል ሌባ ከአጥር የወረደ መስሎኝ ዱላ ይዤ ወጣሁ፤ የወረደው ዋጋው ነው። የደጋው ሰው ደግሞ ከጮሌ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ይመጣና፣ ሲነጋ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተኝቶ ይገኛል። የክፍሉን ግን ይከፍላል፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ አድሮበታል።

ለሥልጠና የሚመጣው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉም ይለያል። አዳማ የስብሰባ ከተማ አይደለች? የውሎ አበልን ትምህርት እዚያ ጨርሶ ነው የሚመጣው። አንዱ አንድ ሌሊት አድሮ የሦስት ሌሊት ደረሰኝ ጠየቀኝ። «ልጄ፣ ሁለቱን ሌሊት አልጋዬ ላይ ማን አደረ?» ብለው፣ «መንፈሴ ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ። መንፈሱ መታወቂያ ስላልነበረው አልመዘገብኩትም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ «ልኬያለሁ» ብሎ ሻንጣውን የሚያነሣ አለ። ኔትወርክ በጠፋበት ጧት እኔ ስልኬን፣ እሱ እኔን፣ የቅጥቅጡ ረዳት ሁለታችንን እያየን እንቆማለን።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ቤታችንን የለወጠችው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። ለሥራ መጥታ፣ በደንብ ሰላም ብላን፣ ሦስት ቁጥር ገብታ በሯን ዘጋች። ባለቤቴ ቡና ይዛላት ሄደች። ትንሽ ቆይታ ፓፓያ። ሲመሽ እራት። ከዚያ ደግሞ «ብቻዋን እንዴት ትሆናለች?» ብላ ጨዋታ ልታጫውታት ሄደች። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ በትሕትና አንገቷን ደፍታ፣ «እማማ፣ እኛ ቤት ዘጠኝ ነን። እኔ አልጋ የያዝኩት ዝም ለማለት ነው» አለቻት።

ባለቤቴ በዚህ ነገር ስትብሰለሰል ሰነበተች። የሰው ልጅ ከሰው ለመራቅ ገንዘብ ይከፍላል የሚለው ሐሳብ አልዋጥላት አለ። ኋላ ግን ፔርሙሱን ከደጃፉ አኑሮ፣ አንዴ አንኳኩቶ መመለስን ለመደች። እኔም ለመድኩ። እኛ የምናውቀው መስተንግዶ ትግል ነበር፤ «በሞቴ» ተብሎ ይጎረሳል፣ እምቢ ያለ በግድ ይጎረሳል፣ ልሂድ ያለ በሩ ይዘጋበታል። ገንዘብ የከፈለ እንግዳ ግን «በቃኝ» ሲል የመታመን መብት አብሮ ገዝቷል። ይህን መብት ዘመድ ሆኖ ያገኘ ሰው አላውቅም።

ሰው ገንዘብ ፍቅርን ያበላሻል ይላል። እኛ ቤት ግን ከገንዘቡ ጋር ጨዋነት ገባ። ስልክ ሲያወሩ እንርቃለን፤ ለምን አላገባህም ብለን አንጠይቅም፤ መብራት ሳያጠፉ ቢያድሩም ታመዋል ብለን አንገባም። ችግሩ ልማዱ ከሰርቪስ ቤቱ ወጥቶ ሳሎን ደረሰ። አሁን ጎረቤት መጥቶ «ጠግቤያለሁ» ሲለን እናምነዋለን። ጎረቤት ደግሞ «ጠግቤያለሁ» የሚለው ሊለመን ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ «አልጋ ከጀመሩ ወዲህ እጃቸው ተጨበጠ» ተብሎ ተወራብን፤ አንዳንዱም ከቤታችን ርቦት ሄዷል።

ጭቅጭቁ የፈነዳው የባለቤቴ ታላቅ እኅት ለሰርግ ከአሰላ ስትመጣ ነው። ለክብሯ ሦስት ቁጥርን አጠብን፣ አዲስ አንሶላ አነጠፍን፣ አዲስ ሳሙና ከነወረቀቱ አኖርን። ቁልፉን ሰጥተን፣ ደክሟታል ብለን በሩን በቀስታ ዘግተንላት ወጣን። ብዙም ሳትቆይ ሻንጣዋን ይዛ ሳሎን መሐል ቆመች። «ምን አደረግኋችሁ? እንደ መንገደኛ ቁልፍ ታስጨብጡኛላችሁ? ቡና እንኳ አንኳኩቶ ጥሎ መሄድ!» አለች፤ እንባዋ መጣ። ከባለቤቴ ጋር ካልተኛች አሰላ እንደምትመለስ ምላ ተገዘተች። መኪና በሌለበት ሰዓት ነው የማለችው፤ ግን መሐላ መሐላ ነው። እሷ አልጋዬን ያዘች፤ እኔ ሦስት ቁጥር ወረድኩ።

ያኔ ነው ማከራየትና መከራየት ለየቅል መሆናቸው የገባኝ። አምፖሉ የተሰቀለው ልክ የተኛ ሰው ዐይን ላይ ነው። ማጥፊያው ከበሩ አጠገብ ስለሆነ፣ መብራት አጥፍቶ አልጋ ለማግኘት ጨለማ ውስጥ ጉልበትን ከጠረጴዛ ጋር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ከአልጋው ሥር ያለው ነጠላ ጫማ ሁለቱም የግራ ነው። ከዋናው ቤት የሁለት እኅትማማቾች ሳቅ ይሰማል፤ ሁለቴ ዞርኩ፣ ሦስቴ ዞርኩ፤ አራተኛው ላይ ተነሥቼ ፍራሹን ገለጥኩ። ምንም የለም አላልኳችሁም?

ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ የሚያግዘን ልጅ በሩን ሊያወርደው ደረሰ። «ሹፌር! ተነሣ! ቅጥቅጡ ሊሄድ ነው!» ሹፌሩ ሁለት ቁጥር ነው። ስነግረው «ይቅርታ» ብሎ ሄዶ አንድ ቁጥርን ቀሰቀሰ።

ሲነጋ ባለቤቴ መዝገቧን ይዛ በየክፍሉ ስትዞር እኔ ዘንድ ደረሰች። አልጋውን አየች፣ ነጠላ ጫማውን አየች፣ «ፎጣ አንድ ይጎድላል» አለች።

«አንገቴ ላይ ነው» አልኳት።

ቆጥራ ተረከበችኝ። እኔም እንደ ከፋይ ደፈር ብዬ፣ አምፖሉ ዐይን ላይ እንደሚያበራ፣ ማጥፊያውም ከአልጋ እንደሚርቅ ቅሬታዬን አቀረብኩ።

«ሁሉም እንግዳ ይህንኑ ይላል» አለችኝ፣ መዝገቧን እየዘጋች። «ለባለቤቱ ስንቴ ነገርኩት፤ ሰውዬው ጆሮ የለውም።»